ቋሚው አባቴ

ባለፈው ሰሞን ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ለመያዝ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከኋላዬ ካለች ልብስ ስፌት ቤት ውኃ የተርከፈከፈበት አዲስ ጨርቅ በካውያ ሲተኮስ የሚወጣው ሽታ መጣብኝ። ሰልፈኛው ስለ ታክሲው ሲያማርር እኔ ዓይኔ እንባ ሞላ። ያ ሽታ የአባቴ ነው። ከሥራ ሲገባ ሮጬ እግሩ ላይ ስጠመጠም ከሱሪው የሚሸተኝ እሱ ነበር፣ የአዲስ ጨርቅና የካውያ ሽታ።

ያኔ የምንኖረው መካኒሳ በተከራየናት ቤት ነበር። አባቴ ሸምሱ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ስለነበር፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደራርቦ የተነጠፈውን ጨርቅ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይቆርጥ ነበር። እናቴ ዘይነባ ደግሞ ስለ እሱ ሥራ ስታወራ አንድ የምትወደው ቃል ነበራት። ጎረቤት ሲጠይቃት፣ አከራያችን ፊታቸውን ሲያጠቁሩ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ «ባለቤቴ እኮ ቋሚ ነው!» ትል ነበር። ጡረታ ያለው፣ ማንም ብድግ ብሎ የማያባርረው ሠራተኛ ማለቷ ነው። እኔ ምኑን አውቄው! ቋሚ ማለት ሲሠራ የሚቆም ሰው መስሎኝ ነበር። አባቴ ከሥራ መልስ ያበጠ እግሩን ለብ ያለ የጨው ውኃ ውስጥ ሲዘፈዝፍ ባየሁ ቁጥር፣ ቋሚ ያደረጉትን ሰዎች በልቤ እራገም ነበር። እናቴ በዚህ ነገር ለምን እንደምትኮራ ግን ፈጽሞ አይገባኝም ነበር።

አንድ ክረምት ግቢያችን በጭቃ ተይዞ፣ ዘይት ከሱቅ ጠፍቶ ሳለ፣ ፋብሪካው ሊሸጥ ነው፣ ሠራተኛም ሊቀነስ ነው የሚል ወሬ መጣ። ያን ሰሞን ጎፋ ሱቅ የነበረው የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ከድር፣ እሁድ እሁድ ለምሳ እየመጣ አባቴን ይወተውተው ጀመር። ከሱቁ አጠገብ አንዲት ክፍል ተለቃለች፣ አባቴ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ስፌት ያውቃል፣ ሥራውን ለቅቆ የራሱን ልብስ ስፌት ቤት ለመክፈት ታዲያ ምን ይጠብቃል? እናቴ ይህን ስትሰማ እንደ እሳት ትሆን ነበር።

«ከድሬ፣ ተወን በአላህ! አንተ በንግድ ያደግክ ሰው ነህ። እኛ ሥራው ባይሳካ የቤት ኪራይ ከየት እናመጣለን? ልጄን ይዤ አገር ቤት ልግባልህ?»

አባቴ መሐል ተቀምጦ፣ ስኳሩ ሟሙቶ ያለቀ ሻዩን ያማስል ነበር። የሚበጀውን ፈጣሪ እንዲመርጥለት ኢስቲኻራ መስገዱን ብቻ ነግሮናል። እሱም ፈርቷል፣ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። አንድ እሁድ ክርክሩ ጦፎ እናቴ «ቋሚነቱን ጥሎ? ቋሚነቱን?» እያለች ስትጮህ፣ እኔ አላስቻለኝምና ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ፣

«ቋሚ አይሁን! እግሩን ያመዋል! አባዬ ቁጭ ብሎ ይሥራ!» አልኩ።

አጎቴ ከድር ሳቀ ሳቀና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «የኔ እመቤት፣ ቋሚ ማለት ምን መስሎሽ ነው?» አለኝ።

«ሲሠራ የሚቆም ነዋ!»

አባቴም ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ጫማ ጠብቦት ነጠላ ጫማ ያደረገውን እግሩን ትክ ብላ አየችው።

«አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ብለኸኝ ታውቃለህ?» አለችው።

«ባለቤቴ ቋሚ ነው እያልሽ ስትኮሪ እየሰማሁ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

እናቴ ተነሥታ ሳህኖቹን ሰብስባ ወጣች፣ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «በል እንግዲህ፣ ልጅህ እንዳለችው ቁጭ በል» አለችው፣ «የመጣውን አብረን እናየዋለን።»

አባቴ ፋብሪካውን ለቅቆ ከአጎቴ ሱቅ አጠገብ ባለችው ክፍል ልብስ ስፌት ከፈተ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የደንብ ልብስ ሥራ ጎረፈለትና፣ እናቴ ሳትቀር ቁልፍ ስትተክል ዋለች። መስከረም ሲያልፍ ግን ጭር አለ። ያን በጋ አባቴ ዚፕ እየቀየረ፣ የሱሪ ጫፍ እያጠፈ፣ አንዳንዴም በር በሩን እያየ ይውል ነበር። ፋብሪካው ደግሞ አልተዘጋም፤ ባለቤቱ ቢቀየርም ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት ሳምቡሳ ጠቅልላ፣ ከነገ ጀምሮ በር ላይ ልትሸጥ መሆኑን ነገረችን። እሱን ግን አንድም ቀን «ብዬህ ነበር» አላለችውም፤ እኔ እናቴን በጣም የምወዳት በዚህ ነው። ረመዳን ገብቶ ኢድ ሲቃረብ የጎፋ ሴቶች ጨርቃቸውን ተሸክመው መጡለት፣ ኪራዩም እንደምንም ይከፈል ጀመር። ሀብታም አልሆንንም። እግሩን የሚዘፈዝፍባት ሰማያዊ ሳፋ ግን የልብስ ማለቅለቂያ ሆና ቀረች።

ዛሬ እኔም ቋሚ ነኝ፣ ያውም ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ቋሚ። መሥሪያ ቤቴ ዕቃ ከውጭ ያስመጣል፤ ሥራው ስለቀዘቀዘ ቅነሳ አለ እየተባለ ይወራል። ሌላ ቦታ ደስ የሚለኝ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ግን ኮንትራት ነው። ወራት ሙሉ ለማንም ሳልናገር ሳብሰለስለው ከረምኩ። ያን ቀን ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ስሳፈር ግን ቤቴ አልሄድኩም፣ ወላጆቼ ጋ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«ኮንትራት?» አለች እናቴ ደረቷን ይዛ። «ቋሚነትሽን ጥለሽ?»

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። «ለመሆኑ ያሁኑን ሥራ ስትሠሪ፣ የሚያምሽ ነገር አለ?» አለኝ።

ልስቅ ብዬ አቃተኝ። «እሁድ ሲመሽ፣ ነገ ሥራ ነው ስል፣ ሆዴን ያመኛል» አልኩት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

እናቴ ትክ ብላ አየችኝ፣ ያን ጊዜ የእሱን እግር ባየችበት ዓይን። ከዚያ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለችና እጄን ያዘችኝ። «በይ እንግዲህ» አለች፣ «የመጣውን አብረን እናየዋለን።»

ዘመኑ ያኔም ያስፈራ ነበር፣ ዛሬም ያስፈራል። ያኔ ግን ሦስት ሆነን ነበር የፈራነው። እኔ የዛሬውን፣ ወላጆቼ ጋ እስከሄድኩባት ቀን ድረስ የፈራሁት ለብቻዬ ነው።