የባለቤቴ መኪና ራዲያተር

የባለቤቴ አርባ ከወጣ በኋላ ልጆቼ መኪናውን ሽጪው አሉኝ። እኔ ግን ራሴ ልነዳው ቆረጥኩ። የሚያሰጋኝ የሞተሩ መሞቅ ብቻ ነበር። ማታ ማታ ከሥራ ጎሮ ወዳለው ቤታችን ስንመለስ ባለቤቴ ዳገቱ ላይ ሁልጊዜ ጥግ ይዞ ያቆምና፣ "ሞተሩ ሞቋል፤ ትንሽ ይብረድለት" ይለኝ ነበር። እስኪበርድ መስኮቱን ከፍተን ስለ ልጆቹ እናወራለን።

ስለዚህ ትልቅ ራዲያተር እንዲገጥምልኝ ወደ መካኒኩ ወደ ከድር ሄድኩ። ከድር ኮፈኑን ከፈተ፤ አየት አድርጎ መልሶ ዘጋው።

"ደህና ነው እትዬ፤ ዝም ብለው ይንዱት።"

"ይሞቃል እኮ ነው የምልህ!"

"እንግዲያው ሌላ ቀን ይምጡ።"

"ሴት ስለሆንኩ ነው የምታመላልሰኝ? ጋሼህ ቢሆን እንዲህ ትለው ነበር?"

እጁን በጨርቅ እየጠረገ አቀረቀረ።

"ትልቁን ራዲያተር ጋሼ ራሳቸው አምና አስገጥመውታል። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ሞቆ አያውቅም።"

"ታዲያ ዳገቱ ላይ በየቀኑ ለምን ነበር የምንቆመው?"

"ደረታቸውን ሲወጋቸው ሊያርፉ ነዋ። እዚህም አንድ ቀን አሟቸው አይቻለሁ። 'ለእትዬህ እንዳትነግር፣ ትደነግጥብኛለች' ብለው አስማሉኝ።"