ፍሙን እፍ ሲሉ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ግርግር በኋላ ለንደን ስገባ በእጄ የነበረው አንድ አሮጌ ካሜራ ብቻ ነበር። ፎቶ ማንሳት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ መምህሩም ተማሪውም እኔው ነኝ። ሆኖም ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በከተማዋ በኪልበርን ሰፈር ዙሪያ ሰርግ ወይም ክርስትና ያለበት ሐበሻ መጀመሪያ እኔን ሳይጠይቅ ቀን አይቆርጥም ነበር። ጉራ ከመሰለ ይምሰል፤ ጉራ የሚያምርበት ሰው አለ።

ሰርግ ሲሰለቸኝ እሳት ማንሳት ጀመርኩ። እንግሊዞች በበጋ የጥንቱን የእርስ በርስ ጦርነታቸውን ለትርኢት እንደገና ይዋጋሉ። ሳምንቱን ሙሉ ቧንቧ ሲጠግን የከረመ ሰው፣ ቅዳሜ ሲመሽ የሱፍ ካባ ለብሶ በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርስ ጠመንጃ ጎረቤቱ ላይ ይደግናል። ጥይት የለውም፤ ባሩዱ ግን እውነተኛ ነው። መድፍም አላቸው፤ ሲጮህ ጆሮ ይደፍናል። ጠመንጃው ከቀረቡት ፊት ይልጣል።

ሌሎቹ ፎቶ አንሺዎች «ተኩስ!» የሚለውን ትእዛዝ ሲጠብቁ ጭስ ብቻ ይዘው ይመለሱ ነበር። እኔ ጆሮዬን ትቼ ጉንጫቸውን አያለሁ። ጠመንጃው የሚቀጣጠለው በሚጤስ ክር ነው። ተኳሹ ቃታውን ከመሳቡ በፊት የክሩን ፍም እፍ ይላል፤ ጉንጩ ይነፋል፣ ፊቱ ይቀላል። ያኔ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የተከልኩትን ካሜራ የብርሃን በር፣ ሻተሩን፣ ከፍቼ እጠብቃለሁ። የቀረውን ባሩዱ ራሱ ያበራልኛል።

የምፈልገው አንድ ፎቶ ነበር፦ መድፉና ጠመንጃዎቹ ባንድ ላይ እሳት ሲተፉ፣ የተኳሾቹም ፊት ሁሉ ሲታይ። ለንደን ዳር ባለች አንዲት ሜዳ ላይ ለዓመታት ሞክሬዋለሁ። ባለፈው በጋ ሻል ያለ ቦታ ፍለጋ የገመድ አጥሩን ተሻግሬ ስለነበር፣ የሜዳው ጠባቂ ዘንድሮ ገና ሲያየኝ ጣቱን ቀሰረ።

«ጌታዬ፣ ዘንድሮም አጥሩን ቢሻገሩ ሁለተኛ እዚህ አይገቡም።»

«ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም» አልኩት።

አብራኝ የመጣችው ልጄ ሳቀች። «አባዬ፣ የምትደነቁረው መድፉ ሲተኮስ ነው። ጋቢውን ደግሞ አውልቀው፤ ሲሪየስሊ፣ ከጨረቃ በላይ እያበራህ ነው!»

«ሲበርደኝ አንቺ ልትንቀጠቀጪልኝ ነው?»

ሲያካፋ ስላመሸ ጋቢዬ ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ነበር። አላወለቅኩትም።

ጉንጮች ተነፉ። ሻተሩን ከፈትኩ። መድፉ አገሳ፤ ጠመንጃዎቹ አብረውት ተንጣጡ፤ መሬቱ ከእግሬ ሥር ዘለለ። ሻተሩን ልዘጋ እጄን ስሰድ፣ ከሰልፉ ጫፍ በቆመ አንድ ግዙፍ ሰው ወገብ ላይ ሌላ እሳት ተነሳ። ፍንጣሪ የባሩድ ቦርሳው ውስጥ ገብቶ ነበር። ቦርሳው ፈነዳ፣ ካባው ነደደ፣ ፂሙ ተንጨረጨረ። ሰውየው እየጮኸ ሮጠ፤ የሚሮጠውም መድፈኞቹ ባሩዳቸውን ወዳስቀመጡበት ሣጥን ነው። ተመልካቹ ትርኢት መስሎት ያጨበጭባል። ጓዶቹ በጭስ ታውረዋል።

አጥሩን ዘለልኩ። «ይመለሱ!» የሚል የጠባቂው ጩኸት ተከተለኝ። ሰውየውን ሣጥኑ ጋ ሳይደርስ ከጎኑ ገጭቼ ጣልኩትና በጋቢው ጠቀለልኩት። ሥቃይ አሳብዶት በክርኑ አፌን መታኝ፤ ሁለት ጥርሶቼ ሣሩ ላይ ወደቁ። እኔም አልማርኩትም፤ አገጩን በቡጢ ብዬ ደረቱ ላይ ተቀመጥኩ። ከጋቢው ሥር የሱፍና የሥጋ ጠረን ይወጣል። መዳፌ ተላጠ፤ አልተነሳሁም።

«አባዬ! ልትገድለው ነው እንዴ?» አለች ልጄ፣ ከአጥሩ ማዶ እየጮኸች።

«እሳቱን ነው የምገድለው!» አልኳት፣ ደም እየተፋሁ።

ሰውየውን አምቡላንስ ወሰደው። ጠባቂው እጄን በፋሻ እያሰረ፣ «ለድፍረትዎ አመሰግናለሁ። ደንቡ ግን ያው ደንብ ነው፤ ከእንግዲህ አይገቡም» አለኝ።

«ደንብህን ጠብቅ፤ ካሜራዬን ግን አቀብለኝ» አልኩት።

ሻተሩ ያን ሁሉ ጊዜ ክፍት ነበር። መድፉም ጠመንጃዎቹም ባንድ ላይ እሳት ይተፋሉ፤ ፊቶቹ ሁሉ ወጥተዋል። በመሀል ግን አንድ ነጭ ጭረት እሳቱን ሰንጥቆ ያልፋል። እኔ ነኝ፣ ከነጋቢዬ። ልጄ «ተበላሽቷል፤ ጭረቱን በኮምፒውተር አጥፋው» አለችኝ። አላደረግኩትም።

ዛሬም ሜዳዋ ላይ አልገባም። ያደረግኩትን ግን ልንገራችሁ፦

— ያለ ፍላሽ፣ ያለ መምህር፣ የባሩድን እሳት በጨለማ ያዝኩ።

— ሐኪም ደረጃ በቀስታ ውጣ በሚለኝ ዕድሜ የገመድ አጥር ዘለልኩ።

— እሳቱ ሣጥኑ ጋ ሳይደርስ አስቀረሁት። ቢደርስ ኖሮ ያጨበጨበው ሰው ሁሉ ምን ይሆን እንደነበር አስቡት።

— ሁለት ጥርስ ከፍዬ አንድ ሰው አተረፍኩ። አገጩ እስካሁን ትንሽ ጠመም ያለ ነው፤ እሱም የእኔ ሥራ ነው።