የሞጣው ቀይ አለላ

ከመስቀል በኋላ፣ መንገዱ ጠፈፍ እንዳለ፣ ከቢቸና ተነሳሁ። ለጎረቤት «የባለቤቴን እህት ልጠይቅ ነው» አልሁ። ውሸቴን ነው። ያስነሳኝ ቅናት ነው።

ልጄ ጥሩወርቅ ለጥር ትዳራለች። ሞሰቧን ልጀምር የስፌቱን ሣር፣ ስንደዶና አክርማ፣ ሳሰናዳ፣ «እማ፣ አትድከሚ፤ የሞጣዋ አክስቴ ትሰፋልኛለች» አለችኝ። እኔ እያለሁ! ሥራዬን ገበያተኛው ከወስፌዬ ሥር የሚነጥቀኝ፣ ሞሰቤ ደብረ ማርቆስ ድረስ የሚሄደው እኔ!

«ምን አጥተሽብኝ?» ብላት፣ «የሷ ቀይ አለላ ሌላ ነው» አለች። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኸው ነው። ያን ቀይ አለላ፣ የተቀለመ አክርማዋን፣ በዓይኔ ሳላይ እህል አልወርድ አለኝ።

ጉንደ ወይን

እህል የጫነ መኪና አገኘሁ። ሾፌሩ ሁለት ብር ቢለኝ ተከራክሬ በአንድ ከሃምሳ ጋቢና ገባሁ፤ ከፊቴ የጃንሆይ ሥዕል ተለጥፏል። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ጭቃው ገና አልደረቀም፤ መኪናው እየተያዘ፣ እኛም እየወረድን እየገፋን ጉንደ ወይን ደረስን። ምሳ ቤት ገብቼ ሽሮ በጎመን በላሁ። የቀረበበትን ሞሰብ ጎንበስ ብዬ ሥሩን ሳገላብጥ ባለቤቷ አየችኝ።

«እሜቴ፣ ምን ወደቀብዎ?»

«ይህን ማን ሰፋው?»

«የሞጣዋ ይርገዱ ናት። እጇ ይባረክ፤ ውሃ ቢጨምሩበት አያፈስም።»

የባለቤቴ እህት ሥራ ቀድሞ ጠበቀኝ። ገና ሞጣ እንኳ ሳልደርስ!

ሞጣ

አመሻሹ ላይ ገባሁ። እትዬ ይርገዱ ባሌን አዝለው ያሳደጉ ታላቅ እህቱ ናቸው። ስመው አልጠግብ አሉኝ፤ እኔ በትከሻቸው በኩል ጓዳውን አያለሁ። የልጄ ሞሰብ እዚያ ቆሟል፣ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ለካ ልጄ ሳትነግረኝ ገና ድሮ መልእክት ልካባቸው ኖሯል! ቀዩ ደግሞ የበርበሬ ዛላ ይመስላል።

በነጋታው አክርማ ሲቀልሙ አጠገባቸው ተተክዬ ዋልሁ።

«እትዬ፣ ይህን ቀለም ከየት ነው የሚያመጡት?»

«ከየት ላመጣ? ያው አንቺም የምትገዥው የነጋዴ ቀለም ነው።»

ደበቁኝ ብዬ ማሰሮውን ጎንበስ ብዬ ሳሸት በሳቅ ፈረሱ።

«አንቺ ሰው፣ ነገሩ ማሰሮው ውስጥ አይደለም! አንቺ አክርማውን እንዳመጣሽው ከቀለሙ ጋር ትቀቅዪዋለሽ። እኔ ጤዛና ፀሐይ እያፈራረቅሁ ነጭ እስኪሆን አሰጣዋለሁ። ከተቀለመ ወዲያ ግን ፀሐይ አይየው፤ በጥላ ነው የሚደርቅ።»

ይህችን ታህል ነገር! ለካ ቀይ አለላዬን የሚያጠይመው ችኮላዬ ነው። ቢደብቁኝ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ እቀየማቸዋለሁ።

«የክዳኑን ጠርዝ ትቼልሻለሁ» አሉኝ ቀጥለው። «በኛ ቤት የሙሽራ ሞሰብ ጠርዙ የሚዘጋው በእናት እጅ ነው።»

ወስፌውን ተቀበልሁ። ላሳያቸው ብዬ እልህ ይዞኝ በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ቀና ሳልል ሰፋሁ። ስጨርስ ወደ ፀሐይ ባነሳው የመርፌ ቀዳዳ ታህል ብርሃን አያሳልፍም።

«አቤት እጅ!» አሉ እትዬ ይርገዱ። ሲያደንቁኝም ተናደድሁባቸው።

ቢቸና

ሞሰቡን በጋቢ ጠቅልዬ፣ መንገዱን ሁሉ እንደ ሕፃን ታቅፌው ተመለስሁ። ጥሩወርቅ ገና ስትፈታው እልል አለች። ጠርዙን በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ይችን አጨራረስ እይልኝ፣ እማ! የአክስቴ እጅ አይታማም» አለች።

ዝም ልበል? አልልም።

«ጠርዟ የኔ ናት!»

አገላብጣ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ጥግ የተቀመጠውን የቤታችንን ሞሰብ አየች። ሆዱ ተጣሞብኝ ገበያ ያላነሳው ነው። እቤት ያለው ሁሉ እንደዚያው ነው።

«ለኛም እንዲህ አድርገሽ መስፋት ትችያለሽ እንዴ?» አለችኝ። «እኔኮ ደህና ደህናውን ሰው ሲወስደው፣ የተበላሸው ለኛ ሲቀር እያየሁ ነው ያደግሁ። ገዥዎችሽን እንዴት እጠላቸው እንደነበር ብታውቂ!»

ለካ ቅናቱን ከኔው ወርሳለች፤ እኔ በአንዲት ሴት፣ እሷ ግን በገበያተኛው ሁሉ።

በማግሥቱ ማለዳ ለጥሩወርቅ ሌማት የሚሆን አክርማ ጤዛ ላይ አሰጣሁ። ገዥ ቢመጣ የለኝም እላለሁ።