አይቀበርም የተባለው ወንድሜ

የያዙኝ አውድማ ላይ ነው። ጤፍ እየወቃሁ ሳለ ፖሊሶች መጡና መንሹን ከእጄ ተቀበሉኝ። አንደኛው እህሉን እንዳይረግጥ ዳር ዳሩን ዞሮ ነበር የመጣው፤ ይህን እስካሁን አልረሳሁለትም። ሌላው ግን ጫማውን እንዳደረገ መሐል ገባ። ባገራችን አውድማ በጫማ አይረገጥም። እጄን ሲያስሩኝ ያናደደኝ ገመዱ ሳይሆን ያ ጫማ ነው።

ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ያ ዓመት መሬታችሁ ይለካ፣ አዲስ ግብር ክፈሉ ተብሎ ሞጣም ቢቸናም እንቢ ያለበት ዓመት ነው። የአባት ርስት ላይ የመለኪያው ገመድ፣ ቀላዱ ከተጣለ ነገ መሬቱ የሌላ ነው ብለን ፈራን። ታናሽ ወንድሜ ጠመንጃውን ይዞ ቆላ ወረደ። እሱን ሲያጡት እኔን ያዙ። የሞጣው እስር ቤት ሞልቶ ስለነበር በእግር ወደ ቢቸና ነዱን፤ እንደ ከብት።

ክፍሉ ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የሰው ፊት ሳይሆን እግር ነው፤ እግር በእግር ላይ ተደራርቦ። ቀን ቀን ቆርቆሮው ይግላል፤ የላቡና የሽንቱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ከወዲያ ጥግ አንድ ሽማግሌ ቄስ እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ። የደብረ ወርቅ ሰው ናቸው፤ ሰንበቴ ላይ "ርስታችሁን ጠብቁ" ብለዋል ተብለው ነው የታሰሩት። አባ እንላቸው ነበር። ከጎናቸው የእኔው አገር ሰው፣ ከሞጣ በታች የሚያርስ፣ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ ተቀምጧል።

"ግባ ግባ" አለኝ፤ "እዚህ መሬት አይለካም፤ የደረስክበት ያንተ ነው።"

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሚስቴ ከሞጣ ድረስ በእግሯ በሶ ይዛልኝ መጣች። አላስገቧትም። ስንቁን ተቀብሎ ያመጣልኝ የዘበኞቹ አለቃ ነው። በሶውን በጣሳ በጥብጬ ወደ አፌ ሳስጠጋ እሱ በሩን ተደግፎ ያየኛል።

"ጠጣ እንጂ" አለ። "ሚስትህ እያለቀሰች ነው የተመለሰችው። ወንድምህን ጣሉት። ሽፍታ አይቀበርም ተብሎ መንገድ ዳር ለጅብ ተትቷል።"

ይህን ብሎ በሩን ዘጋው።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ በማለዳ ይሰበሰባል፤ ሰውየውን ያስቀምጡታል፤ አንድ ትልቅ ሰው ቀስ ብሎ ያረዳዋል። ቢወድቅ የሚይዘው አለ። እኔ ጣሳ ይዤ ቀረሁ። እንባ አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ በሩን መስበር ነው። ቀልደኛው ወገቤን ጠምጥሞ ያዘኝ። ያን ጊዜ ቀልድ አልነበረውም።

"ተቀመጥ ልጄ" አሉኝ አባ። "መርዶ ገና አልደረሰህም። ውሻ ሲጮህ መርዶ አይባልም። ነገ እኛ እናረዳሃለን።"

በማግስቱ ማለዳ እስረኛው ሁሉ ዙሪያዬን ተቀመጠ። አባ የወንድሜን የክርስትና ስም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ እንደ ወጉ፣ ልክ እንደ አባት አረዱኝ። ያኔ አለቀስኩ። ለቅሶ ተከልክሎ ስለነበር ሁላችንም አፋችንን በሸማችን ይዘን ነው ያለቀስነው። ወንድሜን በዓይናቸው ያላዩት ሰዎች ናቸው።

አባ ፍትሐቱን ሊጀምሩ ተነሡ። መጽሐፍ የለ፣ ጥና የለ። እኔ ግን ቁጣው ተናነቀኝና ተዉት አልኳቸው። ለተጣለ ሬሳ ምን ፍትሐት አለ፣ መቃብር እንኳ የለው፣ እግዚአብሔርስ የት ነበር፤ ያልተናገርኩት የለም። ቄስ ፊት እንዲያ መናገር ነውር ነው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። 

"እኔም ተቆጥቻለሁ" አሉ። "ስማኝ ልጄ። አስነሣለሁ ያለው በወግ የተቀበረውን ብቻ አይደለም። ባሕር የበላውንም፣ አውሬ የበላውንም ይመልሳል። እነዚህ ሰዎች መቃብር መከልከል ይችላሉ። ትንሣኤ መከልከል ግን አልተሰጣቸውም።"

ከዚያ ፍትሐቱን በቃላቸው አደረሱ። ቁጣዬ አልወጣልኝም። ግን እስከዚያች ሰዓት ወንድሜ የጠፋ ይመስለኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልጠፋም። የት እንዳለ የሚያውቅ አለ። ሸማዬን እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ አዘቀዘቅኩ።

ጥቂት ቆይቶ ከላይ የተላከ ሹም መጣ፤ ምሕረት ሊሰጥ ነው ተባለ። ሸማውን ወገቡ ላይ አደግድጎ እጅ የነሣና "በድያለሁ፣ መሬቴ ይለካ" ያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሹም ፊት ሳያደገድጉ መቆም ድፍረት ነው። ማደግደግና ማዘቅዘቅ ደግሞ ባንድ ገላ ላይ አይሆንም። ላደግድግ ካልኩ ሐዘኔን ማውለቅ ነበረብኝ።

መውጣት እፈልግ ነበር፤ አልዋሽም። ጤፌ አውድማ ላይ ቀርቷል፤ ሚስቴ ብቻዋን ናት። ቀልደኛው እያደገደገ፣ "አደግድግ ወንድሜ። የተጠየቅኸው ሸማህን ነው፤ ቆዳህን አይደለም" አለኝ። ጀርባዬን ሰጠሁት።

ተራዬ ደርሶ ግቢው መሐል ስቆም አለቃው አደግድግ ብሎ በዱላው ትከሻዬን መታኝ። ሹሙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጭራውን ይነሰንሳል።

"የማን ሐዘን ነው?" አለኝ።

"የወንድሜ ነው ጌታዬ።"

አለቃው ጎንበስ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ሹሙ ፈገግ አለ። ክፉ አይመስልም ነበር፤ እንዲያውም ፊቱ ለስላሳ ነው።

"እንግዲህ ሽፍታ ነበር በልና ሸማህን አስተካክለህ ሂድ። ሌላ አልጠየቅኩህም።"

 የማወጣው ቃል ያስገድለኝ ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ።

"ወንድሜ ክርስቲያን ነው" አልኩ። "ሲጠመቅ ነበርኩ። ክርስቲያን ሞቶ አይቀርም፤ ይነሣል። ዛሬ የምሰጠውን ቃል ያን ቀን ይጠይቀኛል ጌታዬ።"

"እንግዲያው እስኪነሣ እዚሁ ጠብቀው" አለ። ዘበኞቹ ሳቁ።

ሳልቸኩል፣ ሸማዬን እንዳዘቀዘቅኩ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። አባም አላደገደጉም፤ ተከትለውኝ ገቡ። አብዛኛው ሰው ስለወጣ ያን ቀን እግራችንን ዘርግተን ተቀመጥን።

የተፈታሁት ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ የቀረነውን እስረኞች በሙሉ ሲለቁ ነው። ቀልደኛውን መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም ላልለው ቆርጬ ነበር። ሚስቴ ግን እሱን እንዳትቀየም አለችኝ። ለካ እንደወጣ ቤቱ ሳይገባ ወንድሜ የተጣለበት ቦታ ሄዶ፣ የቀረውን አጥንት ለቅሞ፣ ሹም ፊት ባደገደገባት በዚያች ሸማ ጠቅልሎ ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ሥር ቀብሮታል። ሽፍታ ቀበርክ ብለው ቢይዙት ለሁለተኛ ጊዜ ምሕረት አልነበረውም። እኔ ቀና ብዬ ቆምኩ፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ወጣና ቀበረልኝ። ከሁለታችን ማን እንደበለጠ እግዚአብሔር ይወቀው። ቤቱ ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል፣ "ተው፣ ሸማዬን አስጨረስከኝ፤ ይልቅ ሌላ አሠራልኝ" ብሎ አነሣኝ።

አሁን አርጅቻለሁ። ልጆቼ "አባባ፣ የድሮውን ነገር ይቅር ብለህ እረፍ" ይሉኛል። ይቅር በለኝ ብሎ የመጣ ሰው የለም እኮ እላቸዋለሁ። ቁጣዬን ግን ሰው ላይ አላወጣሁትም፤ ጠዋት ጠዋት ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ፤ እሱ አይሰለችም። በቅዳሴ ሰዓት የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን ሲባል ከሰው ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ እላለሁ። የሚነሣው ደግሞ ሁሉም ነው። ወንድሜም ይነሣል፤ ያ ሹምም ይነሣል። ፊት ለፊት ይተያያሉ። እኔ ያን ጊዜ ምንም አልናገርም፤ ከወንድሜ ጎን መቆም ይበቃኛል።