የኖርማን ጋርበት ሣር

የሀርስዴል መንደር እግር ኳስ ክለብ ለምን እንደፈረሰ የሚጠየቅ ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። “የድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ ሲዘጋ ክለቡም አብሮ ሞተ” ይላል። የሜዳው ጠባቂ ኖርማን ጋርበትም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ይሉ ነበር። ነገር ግን የጎረቤት መንደር የብራንቶን ጉድጓድም የተዘጋው በዚያው ዓመት ነው፤ የብራንቶን ክለብ ግን ዛሬም ይጫወታል። ይህ ትዝ ካላቸው ወዲህ ኖርማን ያን መልስ አይደግሙትም።

የሀርስዴል ሜዳ ድሮ የከሰል ጥራጊ የሚደፋበት ጥቁር መሬት ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሰል ቆፋሪዎቹ ከሥራ ሲወጡ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ ከወንዙ ዳር ሣሩን ከነአፈሩ እየቆረጡ በእጅ ጋሪ አመላልሰው አለበሱት። ከእነሱ አንዱ የኖርማን አባት ነበሩ። አባት ሲያርፉ የሜዳው ጥበቃ ለልጅ ተላለፈ። ደመወዝ የለውም፤ ቅዳሜ ከጨዋታ በኋላ ትኩስ የሥጋ ፓይና ሻይ ይሰጣል፣ በቃ።

ኖርማን ቀን ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍሩ፣ ማታ ሣሩ ላይ ነበሩ። እሁድ ብቻ ሥራ አይነኩም፤ ያኔም ቢሆን ከጸሎት ቤት ሲመለሱ በአጥሩ በኩል ዞረው ሳያዩት አይገቡም። እንግዳ ቡድን በመጣ ቁጥር “እዚህ ላይስ መውደቅም ደስ ይላል” ሲል ይሰሙና ደረታቸው ይነፋል። የአባታቸው ላብ ነዋ።

ታዲያ ሣሩ ዘንድ ልጅ አያስደርሱም። አንድ የበጋ ምሽት የአሥር ዓመቱ ማልኮም ቲስዴል፣ በመንደሩ ኳስ እግሩ ላይ የሚጣበቅለት ልጅ፣ አዲስ የሣር ዘር በተዘራበት የጎል አፍ ላይ ሲጫወት አገኙት። ኳሱን ነጠቁት።

“ውጣ ከዚህ! ይህ ሜዳ የተጫዋቾች ነው!”

“እኔም እኮ ተጫዋች ነኝ።”

“ስታድግ ና!”

ልጁ አደገ፤ ግን አልመጣም። የብራንቶን ሜዳ ላም የጋጠው ይመስል ነበር፤ ሆኖም እስኪመሽ ቢጫወቱበት የሚቆጣ የለም። ማልኮም በብስክሌት ወደዚያ ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

“አንተ ሰውዬ፣ ሣሩን የምታስቀምጠው ለማን ነው? ለትንሣኤ ነው?” ትላቸው ነበር ባለቤታቸው ሂልዳ። ኖርማን ይስቁ ነበር።

ዓመታት አለፉ። የሀርስዴል ተጫዋቾች አረጁ፤ የሚተካቸው ጠፋ። ጉድጓዱ ሲዘጋ ከቀሩት ጎልማሶች ግማሾቹ ሥራ ፍለጋ ሄዱ። በመጨረሻ ሊጉ “አንድ ጊዜ ደግማችሁ ቡድን ካላሟላችሁ ትሰረዛላችሁ” ሲል አስጠነቀቀ። ያን ሳምንት ኖርማን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው የማልኮምን በር አንኳኩ። ማልኮም ሠላሳውን አልፏል፤ ለብራንቶን ይጫወታል፣ የብራንቶንን ልጆችም ያሠለጥናል።

“ሚስተር ጋርበት! እንደምን አመሹ? ሣሩስ ደህና ነው?”

“ደህና ነው።”

“እሱማ መቼ ታሞ ያውቃል! ማን ረግጦት!”

“ዛሬ ገና ትዝ አልናቸው?” አለች ሚስቱ ከወጥ ቤት።

ኖርማን ወደ ማልኮም ዞሩ። “ለቅዳሜ ሰው ጎድሎናል ልልህ ነበር። ግን እሱ ይቆይ። ኳስህን ነጥቄ አባርሬሃለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ።”

የማልኮም ፌዝ ከፊቱ ጠፋ። “አባቴ የሀርስዴልን ማለያ ነበር የሚለብሰው” አለ ቀስ ብሎ። “እኔም የምመኘው እሱን ነበር። አሁን ግን ለብራንቶን ፈርሜያለሁ፤ ትቻቸው ብመጣ ልጆቹን ምን እላቸዋለሁ? ይቅርታውን ተቀብያለሁ፣ ሚስተር ጋርበት። መምጣቱን ግን አልችልም።”

ቅዳሜ ስድስት ሰው መጣ። ሕጉ ቢያንስ ሰባት ይላል።

“ሰባተኛው እኔ ልሁን” አሉ ኖርማን።

ዳኛው ሊስቅ ዳዳውና ፊታቸውን አይቶ ተወው። “እርስዎ አልተመዘገቡም፤ ደግሞ ጉልበትዎን ያስቡ” አለ። ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ጨዋታው እንደማይካሄድ በፊሽካው አስታወቀ። እንግዶቹ ማለያቸውን ሳያቆሽሹ አውቶቡሳቸው ላይ ወጡ። ሣሩ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም። ኖርማን ዞረው ሊያዩት አልፈለጉም።

ክለቡ ተሰረዘ። በቀጣዩ መኸር ወንዙ ሞልቶ የብራንቶንን ሜዳ ዋጠው፤ ማልኮምም በተራው የኖርማንን በር አንኳኳ። ልጆቹ የሚጫወቱበት አጥተዋል። ኖርማን ኮታቸውን አንሥተው ሜዳውን ሊከፍቱላቸው ወጡ።

ልጆቹ የብራንቶንን ቀይ ማለያ ለብሰው መጡ። ገና ከመጀመራቸው አንዱ ኳስ ለማስጣል ተንሸራቶ አንድ ክንድ የሚያህል ሣር ገሸለጠ። የኖርማን አፍ እንደ ልማዱ ሊቆጣ ተከፈተ። ማልኮም ከማዶ አያቸው።

“በርታ!” አሉ ኖርማን።

በዕረፍት ሰዓት ልጁን ጠጋ ብለው “የብራንቶን ልጅ ነህ?” አሉት።

“የዚሁ ነኝ። ከእርስዎ ቤት ሦስተኛው በር።”

“እንዴት አላውቅህም?”

“እኛ እናውቅዎታለን። ከሩቅ ስናይዎት ነው የምንሮጠው” አለ ልጁ፣ ያለ ክፋት፣ ብርቱካኑን እየመጠጠ።

ኖርማን ማለያውን አዩት። ቀይ ነው፤ እንደ ሀርስዴል ማለያ አረንጓዴ መሆን ነበረበት። ይህን ማንም አይመልስላቸውም።

እሁድ ጸሎት ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተንበርክከው ቆዩ። ያዘኑበትንና ያመሰገኑበትን ለይተው መናገር አልቻሉም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ለእግዚአብሔር ሰጡት። ሰኞ ማለዳ መንሻቸውንና አንድ ባልዲ አፈር ይዘው ወጡ። የተገሸለጠውን ሲሞሉ ቀና ብለው ደመናውን ያዩ ነበር፤ ቅዳሜ ዝናብ ጥሎ ልጆቹን እንዳያስቀርባቸው።