ጓሳ ላይ ያልበረደው ሰው

የሞላሌው የቅኔ መምህር መሪጌታ ክንፈ ባለፈው እሑድ ዐርፈው ሰኞ በደብራቸው ተቀብረዋል። ዜናው ላልደረሳችሁ ደቀ መዛሙርታቸውና ወዳጆቻቸው ይህን አረዳለሁ፤ ዕድሜ ጠግበው ልጆቻቸውን መርቀው ስለ ሄዱ ኀዘናችን መራራ አይደለም።

ስለ ቅኔያቸው ከእኔ የተሻሉ ይናገራሉ። እኔ የማነሣው ብዙዎች የማያውቁትን ነው፤ የኔታ ልብ ወለድ ይወዱ ነበር። በሃምሳዎቹ ዓመታት ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደውን ነጋዴ ሁሉ መጽሐፍ አምጣልኝ ይሉት ነበር። በተለይ የሃይማኖት ነገር ያለበት፣ ሰው ወደ ጥንት ዘመን የሚሄድበት ወይም ሞቶ ዳግመኛ የሚወለድበት ከሆነ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። እንዲህ ያሉ ሦስት መጻሕፍት አንብበው ሦስቱም አሳዘኗቸው። በአንዱ ውስጥ አንድ መነኩሴ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ተጉዞ፣ ሰብኮ ብቻ ይመለሳል። «ለዚህስ እዚሁ ሰፈሩ ይበቃው ነበር» አሉ። ሆኖም ተስፋ አይቆርጡም፤ «የሚቀጥለው ደኅና ይሆናል» ይሉ ነበር።

የሚቀጥለውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ቅኔ ከእሳቸው ተምሬ በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሆኜ ነበር። አብሮኝ የተማረው ታላቅ ወንድሜ ታደሰ በሞተ በዓመቱ፣ እዚሁ አገራችን ዘመሮ ላይ ሞቶ በጥንት ነገሥታት ዘመን ዳግመኛ ስለ ተወለደ ዲያቆን ሦስት ደብተር ሞላሁ። አንድ ደኅና ቃል ከአፋቸው ለመስማት ጓጉቼ ሰጠኋቸው።

ፍልሰታ ሲፈታ አስጠሩኝ። ደቀ መዛሙርቱ ቅኔያቸውን ለማሳረም ተሰልፈዋል። እኔንም ኮት እንደ ለበስሁ ከኋላ አሰለፉኝ። ተራዬ ሲደርስ፣

«ልጄ፣ ይህ ዲያቆንህ የጓሳን ደጋ በክረምት ሲያቋርጥ አልበረደውም» አሉኝ።

«ተአምር ስለ ሆነ ነው፣ የኔታ።»

«ተአምርም ቢሆን ጓሳ ይበርዳል። ደግሞስ ነፍሱ ሌላ ሰው ዘንድ ከገባች፣ ቤተ ሰቦቹ ተዝካር ያወጡት ለማን ነው? እኛስ ፍትሐት ያደረስነው ለማን ነው?»

ተማሪዎቹ እየሰሙ ስለ ነበር ተናደድሁ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ታደሰን ልትመልሰው ፈልገህ እንደ ሆነ አውቄብሃለሁ። በዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ አገኘሁት። ሰውን መመለስ የአንተ ሥራ አይደለም። እንደ ነበረ ንገረን» አሉኝ። የቱ ቦታ እንደ ሆነ ስጠይቃቸው «አንተው ፈልገው» ብለው ደብተሮቹን አስቀሩብኝ። ከዚያ ወዲህ ልብ ወለድ አልጻፍሁም፤ አልተቆጨሁበትምም።

ሰኞ ከቀብር መልስ ልጃቸው ደብተሮቹን ሰጠችኝ። ከድጓቸው ጋር በአንድ ማኅደር አኑረዋቸው ኖሯል። ኅዳጉ በእርማት ምልክት ተሞልቷል። ሁለተኛው ደብተር ላይ አንድ መንገደኛ ለብርዱ የለበሰውን የበግ ጠጉር ባና ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ እየሳቀ ያልፋል። ስጽፈው ታደሰን አላሰብሁም ነበር። ከጎኑ የኔታ «ታደሰን እዚህ አየሁት» ብለዋል፤ ስሙን የቅዱሳን ስም እንደሚጻፍ በቀይ ቀለም ጽፈውታል። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ ደስም አለኝ።

የኔታ፣ እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ አልመለስሁዎትም፤ እንደ ነበሩ ተናገርሁ። ፍትሐቱም ለእርስዎ ነው፤ ተዝካሩም ለእርስዎ ይወጣል። ስንሸኝዎት ነፋሱ ከጓሳ በኩል ይመጣ ነበር፤ ሁላችንንም በጣም በረደን። በሰላም ይረፉ።