ታሽጎ የሄደው ጽዋ

ከባሕር ዳር የመጡት ዕቃ አሻጊዎች አንድ ዓይነት ሰማያዊ ካናቴራ የለበሱ አራት ጎረምሶች ነበሩ። ወደ አመተ ሥላሴ ቤት፣ ቢቸና ድረስ የላካቸው ሞጣ የሚሠራው ልጇ ስጦታው ነው። «እማዬ፣ አንቺ ማንኪያ እንኳ እንዳታነሺ። እነሱ ያሽጋሉ፣ ይጭናሉ፣ እዚህ ያራግፋሉ» ብሏታል። ብቻዋን ከምትኖር፣ ልጇ ዘንድ ብትሆን ይሻላል ተብሎ ተመክሮ ያለቀ ነገር ነው። ያለቀው ግን በልጇ በኩል ነው።

የገዛ ዕቃን ባዕድ ሲጠቀልለው ቁጭ ብሎ ማየት እንደሷ ላለች ሴት ሥቃይ ነው። የልጆቹ አለቃ ዘመነ ጨዋ ነበር፤ ጨዋነቱ ግን መፈናፈኛ አሳጣት። ድስት ልታነሳ ስትል «ይተዉት እማማ»፣ ሰፌድ ልትይዝ ስትል «ይተዉት እማማ»። ቢቸግራት ጎረቤቶቿን ልትሰናበት ወጣች። ስትመለስ ቤቱ ባዶ፣ መኪናው ሙሉ ሆኖ ጠበቃት። ሌሎቹ አሻጊዎች ከኋላ ዕቃው ላይ ወጡ፤ እሷ ዕንባዋ እየቀደማት ከሾፌሩና ከዘመነ ጋር ጋቢና ገባች።

ደብረ ወርቅን እንዳለፉ ስልኳ ጮኸ። የማኅበር እህቷ ወይንእሸት ናት።

«አንቺ፣ ጽዋው የታለ? ብጠብቅ ብጠብቅ ስትቀሪ ቤትሽ ብመጣ ተቆልፏል!»

አመተ ሥላሴ ክው አለች።

የሥላሴ ማኅበራቸው ወር በገባ በሰባት፣ በየተራ በአንዱ አባል ቤት ይጠጣል። ተረኛው ጽዋውን ካለፈው ደጋሽ ተቀብሎ እስከ ድግሱ ድረስ በክብር ያኖረዋል። የዚህ ወር ተራ የአመተ ሥላሴ ነበር፤ ቤት ስለምትለቅ ወይንእሸት ድግሱን ወስዳላት ጠላውን ጠምቃለች። ድግሱ ነገ ነው። የቀረው ጽዋውን ማስረከብ ብቻ ነበር። ከተማ የሚለቅ አባል ግን ከማኅበሩ የሚሰናበተው ጽዋውን አስረክቦ ነውና አመተ ሥላሴ ዛሬ ነገ ስትል ሰነበተች። እጇ እሺ አላላትም። በመጨረሻ በነጠላ ጠቅልላ ጓዳ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ስትወጣ ይዛው ሄዳ ለወይንእሸት ልታስረክብ። ልጆቹ ደግሞ ምንም እንዳይቀር ተብለው የመጡ ናቸው።

«ወይኔ ጉዴ፣ ከዕቃው ጋር ጭነውታል!»

«ታዲያ ነገ በምን ልንጠጣ ነው? በብርጭቆ?» ብላ ወይንእሸት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችው።

«አቁምልኝ» አለች አመተ ሥላሴ።

«እማማ፣ ሞጣ ስናራግፍ ፈልገን እንሰጥዎታለን» አላት ዘመነ።

«ሞጣ ከገባ በምን ይመለሳል? ነገ እኮ ሥላሴ ነው!»

«ከመሸ መንገዱ አያስኬድም» አለ ሾፌሩ። «ደግሞ ለአንድ ኩባያ!»

ይህን ባይናገር ይሻለው ነበር። አመተ ሥላሴ እጇን የበሩ መክፈቻ ላይ ጣለች። «ታቆማለህ ወይስ ልዝለል?» ዓይኗን ሲያየው የምትዘል ሴት መሆኗን አመነና ጉንደ ወይን መግቢያ ላይ ፍሬን ያዘ።

ሸራው ተፈታ። ካርቶኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ዘመነ «የማድ ቤት» ተብሎ የተጻፈበትን አወረደ፤ የለም። ሌላ አወረደ፤ የለም። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ ይነጫነጫል። ጽዋው የሸክላ ነው። ካርቶን መሬት በነካ ቁጥር የአመተ ሥላሴ ልብ አብሮ ዱብ ይላል። በመጨረሻ ከአሻጊዎቹ አንዱ፣ «በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ከልብሱ ጋር ከትቻለሁ» አለ። ያንን ለመናገር እስካሁን ምን እንደጠበቀ ሥላሴ ይወቁ።

ከብርድ ልብሶቹ መሃል ወጣ። ነጠላውን ፈታችው። ደኅና ነው። ሳመችው።

ወዲያው ወደ ቢቸና የሚመለስ ሚኒባስ ደረሰ። «አንድ ሰው! የመጨረሻ ነው!» ይላል ረዳቱ።

«ለሱ ይስጡት፣ ያደርስልዎታል» አላት ዘመነ።

«የሥላሴን ጽዋ ለረዳት?» ብላ ገላመጠችውና ተሳፈረች። ጓዟ ወደ ሞጣ፣ እሷ ወደ ቢቸና ሄዱ።

ወይንእሸት ማታ አልጋ ሰጠቻት እንጂ አላናገረቻትም። በማግስቱ ጸሎት ደርሶ ጽዋው ከዞረ በኋላ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው መሪጌታ አካለ ወልድ የሚቀጥለውን ተረኛ ጠሩ። ፈንታነሽ ልትቀበል ተነሣች። አመተ ሥላሴም ተነሣች።

«ተራዬን ሳልደግስ ነው የሄድኩት፤ ጽዋው ለኔ ይገባል» አለች። «ቤቴ ሞጣ ነው። ትመጣላችሁ?»

ማንም ቀና ብሎ አላያትም። እሷም አልተቀመጠችም። መሪጌታ ጽዋውን እንደያዙ ወደ ደጋሿ ወደ ወይንእሸት ዞሩ። የወይንእሸት ኩርፊያ ገና አልበረደም።

«የሞጣን ጌሾ አላምነውም» አለች ወደ ደጅ እያየች። «ከዚሁ ይዤ ቀደም ብዬ እሄድና አብረን እንጠምቃለን።»

ፈንታነሽ ነጠላዋን ሰብስባ ተመልሳ ተቀመጠች።